ጆርጅ ሴንት ፒየርን ያዳነው ጾም ነው? ለአንድ ተፋላሚ እህት የአንጀት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። በቦክስ ጀምሮ አሁን ኤምኤምኤ (ቡጢ፣ ርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ፍልሚያ) ይሠራል፤ ሕልሙ ፕሮፌሽናል መሆን ነው። ከሰባት ወር በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲያሠቃየው ቆየ፤ አሜባ ነው እየተባለ ፍላጂል አራት ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁ አንጀት በካሜራ የሚታይበት ምርመራ) ታይቶ አልሰራቲቭ ኮላይተስ ተባለ። ሰልፋሳላዚንና ፕሬድኒሶሎን ታዝዞለት፣ አንድ ወር ከወሰደ በኋላ ደሙ ቆመ። አሁን ግን ጆርጅ ሴንት ፒየር የሚባለው ሻምፒዮን ይህንኑ በሽታ በጾም አዳነ የሚል ቪዲዮ አይቶ ‘መድኃኒቱን አቁሜ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ እድናለሁ’ እያለ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ውድድር አለበት፤ ኪሎም መቀነስ አለብኝ ይላል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አስቸኳዩን አስቀድሜ ልመልስልሽ። ወንድምሽ መድኃኒቱን አያቁም። በተለይ ፕሬድኒሶሎን ዛሬ ተወስዶ ነገ የሚጣል መድኃኒት አይደለም። ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ኮርቲሶል ማምረት ይቀንሳሉ። በድንገት ከተቋረጠ ሰውየው ግፊቱ ወርዶ ሊዝለፈለፍ፣ ሲከፋም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሚቆመው ሐኪም መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰለት ነው። የሁለት ወሩ ውድድርም ይቅርበት። የጾሙ ጉዳይ ግን በአንድ ቃል የሚታለፍ ስላልሆነ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ ብትችይ አብራችሁ አንብቡት።

የሴንት ፒየርን ፍልሚያዎች ለዓመታት ተከታትያለሁ፤ የሥራዬ በሽታ ሲይዘው ደግሞ ይበልጥ ቀረብ ብዬ ተከታተልኩት። ወንድምሽ የሰማው ውሸት አይደለም። ታሪኩን ከወገቡ ጀምረው ነግረውት ነው እንጂ። እስቲ ከራሱ እንጀምርለት። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሴንት ፒየር በሜይ 1981 በካናዳዋ ኪዩቤክ፣ ሴንት ኢዚዶር በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። ትምህርት ቤት ትልልቆቹ ልጆች እየደበደቡ የምሳ ገንዘቡንና ልብሱን ይቀሙት ስለነበር በ7 ዓመቱ ካራቴ ጀመረ። በ12 ዓመቱ ጥቁር ቀበቶ አሠረ። ሞንትሪያል ውስጥ የምሽት ክለብ በር እየጠበቀ፣ ከቆሻሻ መኪና ኋላ እየሮጠ ገንዳ እየገለበጠ ነው የትምህርትና የልምምድ ወጪውን የሸፈነው። በ2004 ትልቁ የኤምኤምኤ ውድድር ወደሆነው ዩኤፍሲ ገባ። በ2006 ማት ሂዩዝን አሸንፎ የ77 ኪሎ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2007 ማንም ባልጠበቀው ሽንፈት ቀበቶውን ለማት ሴራ አስረከበ፣ በ2008 በገዛ ከተማው ሞንትሪያል አስመለሰው፣ ከዚያም 9 ጊዜ ተከታትሎ አስከበረው። በጠቅላላው 26 ድልና 2 ሽንፈት ብቻ ነው ያለው። ሲያድግ ትግል ተጫውቶ የማያውቅ ሰው፣ ከካናዳ ብሔራዊ የትግል ቡድን ጋር እየተለማመደ፣ ዕድሜያቸውን በትግል ያሳለፉትን መሬት ላይ ይጥላቸው ነበር። ወንድምሽ ቢያደንቀው አልፈርድበትም፤ እኔም አደንቀዋለሁ።

ያ ሁሉ ድል ግን በነጻ አልመጣም። በ2011 መጨረሻ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ በ2014 ደግሞ የግራው። በኖቬምበር 2013 ጆኒ ሄንድሪክስን በዳኞች የተከፋፈለ ውሳኔ ሲያሸንፍ ፊቱ በዱላ ብዛት አብጦ ነበር። በዚያው ወቅት እንቅልፍ እንዳጣና ጭንቀቱ ከአቅሙ በላይ እንደሆነበት ተናግሮ ከውድድር ራቀ። አንድ ሐሳብ አእምሮው ውስጥ ገብቶ የሚመላለስበት፣ ኦሲዲ የምንለው ችግር እንዳለበትም በራሱ አንደበት ገልጿል። ይህን የምነግርሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የአንጀት ሕመምተኛ ፊቴ ሲቀመጥ ከተቅማጡ ቀጥሎ የምጠይቀው ስለ እንቅልፉና ስለ ጭንቀቱ ነው። ጭንቀት ኮላይተስን አያመጣም፤ ተኝቶ የነበረውን ግን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ከአራት ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ ወደ ክብደቱ ግን አልነበረም። የወቅቱን ሻምፒዮን ማይክል ቢስፒንግን በ84 ኪሎ ለመግጠም ሰውነቱን ማሳደግ ነበረበት፤ ለዚያም ብሎ ከልክ በላይ ይበላ ነበር። በዝግጅቱ ወቅት ሆዱ ያስቸግረው እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ኖቬምበር 4 ቀን 2017፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። በሦስተኛው ዙር ሴንት ፒየር በግራ መንጠቆ ቢስፒንግን ጣለው፣ ከላይ ሆኖ በክርኑ ደበደበው፣ በመጨረሻ ከኋላ አንገቱን አነቀው። ቢስፒንግ እጁን መትቶ እጅ አልሰጥም ብሎ ራሱን ሳተ። ያን ፍልሚያ ዛሬ ደግሜ ሳየው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ቢስፒንግ ከ2013 ጀምሮ በተጎዳ፣ በማያይ ቀኝ ዓይን ይፋለም እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። አሸናፊው ደግሞ አንጀቱ ታሟል። በዚያች ሌሊት ሚሊዮኖች ሲጮሁላቸው የነበሩት ሁለቱም ታካሚዎች ነበሩ።

አሁን ወንድምሽ ያልሰማው ክፍል ይመጣል። ሴንት ፒየር በዚያ ድል በዩኤፍሲ ታሪክ በሁለት ክብደት ሻምፒዮን ከሆኑት አራተኛው ሰው ሆነ። ምርመራ ተደርጎለት አልሰራቲቭ ኮላይተስ መሆኑ ሲነገረው፣ ካሸነፈ አምስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ በዲሴምበር 2017 ቀበቶውን መለሰ። አራት ዓመት ጠብቆ፣ ሰውነቱን አስጨንቆ ያገኘውን ቀበቶ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ አልተፋለመም፤ በፌብሯሪ 2019 በይፋ ተሰናበተ። ጾሙ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ ካቆመ በኋላ፣ ከተመረመረ በኋላ፣ ሐኪም እጅ ከገባ በኋላ፣ በግድ መብላቱንም ካቆመ በኋላ። ወንድምሽ የሚፈልገው ግን ውድድሩን ይዞ መድኃኒቱን መተው ነው። ሴንት ፒየር ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። እሱን መከተል ከፈለገ ቅደም ተከተሉንም ይከተል።

ስለ በሽታው ባጭሩ። አልሰራቲቭ ኮላይተስ የሰውነት መከላከያ የራሱን የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከፊንጢጣ በላይ ካለው ጫፍ ይጀምርና ሳይዘል ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ላይ ጫፉ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ሌላው ላይ ትልቁን አንጀት በሙሉ ያዳርሳል። ሽፋኑ ይቆስላል፣ ይደማል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ከወጣም በኋላ ያልወጣ የሚመስል ማማጥ፣ እንደ ተነሡ ወዲያው ካልተቀመጡ የሚያዋርድ ጥድፊያ ይመጣል። መገጣጠሚያና ዓይን ላይም ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት፣ ከ15 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አይተላለፍም፤ በርበሬ ወይም ስፖርት አላመጣበትም። ይተኛል፣ ይነሣል። የመድኃኒቱ ሥራ እንዲተኛ ማድረግና ተኝቶ እንዲቆይ መጠበቅ ነው። ወንድምሽ ደሙ መቆሙን እንደ መዳን የቆጠረው እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ደሙን ያቆመው መድኃኒቱ ነው። ደም ከቆመ በኋላም አንጀቱ ውስጥ ያለው ብግነት ለሳምንታት፣ ለወራትም ሊቀጥል ይችላል።

አራት ጊዜ ፍላጂል መውሰዱን ሳነብ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ እሠራ ነበር። አንድ የኮሌጅ ተማሪ በደም ተቅማጥ መጣ። የሰገራ ምርመራው አሜባ አለ ይላል። ፍላጂል ሰጠሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፣ ደግሜ ሰጠሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ደብተሩን ከፍቶ የመጨረሻውን ገጽ አሳየኝ፤ ሽንት ቤት የሄደበትን ሁሉ በእስክሪብቶ መስመር እየሠራ ይቆጥር ነበር። አምስት አምስቱን በአግድም ሠረዝ እያሠረ፣ ቀኑን ከጎኑ እየጻፈ። በአንዱ ቀን 14 መስመር ነበረው። ያን ገጽ ሳየው መቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ጻፍኩለት። ከወር በኋላ የደም መጠኑ (ሄሞግሎቢን) ወደ 6 ወርዶ፣ ሁለት ሰው ደግፎት መጣ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክሁት፤ ኮላይተስ ነበር። ተርፏል። የአንጀት ሕክምና ለመማር የወሰንኩት ግን በዚያ ደብተር ምክንያት ነው።

በአገራችን የአንጀት ነገር ሁሉ አሜባ፣ ጃርዲያ ወይም ታይፎይድ ይባላል። ሲብስ ፌጦ ይሞከራል። አሜባ እውነተኛ በሽታ ነው፤ በአገራችንም አለ። አንድ ጊዜ በአግባቡ ታክሞ ያልተሻለው፣ ደም የቀጠለበት፣ ኪሎ የቀነሰ ሰው ግን ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገዋል፤ ከአንጀቱም ናሙና መወሰድ አለበት። ተቃራኒው ስሕተትም ይገድላል፦ አሜባ ያለበትን ሰው ኮላይተስ ነው ብሎ ፕሬድኒሶሎን መስጠት አንጀትን እስከ መቅደድ ያደርሳል። የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም ይህን በሽታና በተለይ ክሮንስ የምንለውን ዘመዱን ይመስላል። ስለዚህ ወንድምሽ የናሙናውን ውጤት በእጁ ይያዝ፤ የነቀርሳ ምርመራም መደረጉን ጠይቂ። ወደፊት ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ የሚባሉት ባዮሎጂክ መድኃኒቶች ቢያስፈልጉት፣ ተኝቶ ያለ ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ይህ ምርመራ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ። ሴንት ፒየር በየቀኑ የሚበላበትን ሰዓት ይገድባል፤ አልፎ አልፎም ለቀናት ከምግብ ይርቃል። ሕመሙ የተሻለው በዚህ መሆኑን በብዙ ቃለ ምልልስ ተናግሯል፤ እኔም አምነዋለሁ፣ ማለትም የተሰማውን መናገሩን አምናለሁ። ግን የአንድ ሰው ታሪክ ሦስት ነገር አይነግረንም። አንደኛ፣ በዚያው ጊዜ ውድድር አቁሟል፣ ጭንቀቱ ቀንሷል፣ በግድ መብላት ትቷል፤ ከእነዚህ የትኛው እንደረዳው በምን ይለያል? ሁለተኛ፣ ይህ በሽታ በራሱ ጊዜ ጋብ የሚልበት ወቅት አለው። ሦስተኛ፣ በጾም ሞክረው አንጀታቸውን ያጡት ሰዎች ቪዲዮ አይሠሩም።

ከቪዲዮ ውጭ ያለውን ማስረጃ ከጠየቅሽኝ፣ በ2019 የወጣ ጥናት ጾምን የሚመስል አመጋገብ የአይጦችን የአንጀት ብግነት መቀነሱን አሳይቷል። ተስፋ ሰጪ ነው፣ ግን አይጥ ነው። ሰው ላይ ያለን በአብዛኛው በረመዳን የጾሙ የኮላይተስና የክሮንስ ሕመምተኞች የታዩባቸው ትንንሽ ጥናቶች ናቸው። በሽታው የተኛላቸው ብዙዎቹ ያለ ትልቅ ችግር ጾመዋል፤ ኮላይተስ ካለባቸው መካከል ግን ምልክታቸው በመጠኑ የባሰባቸው ታይተዋል። ጾም ብቻውን መድኃኒትን እንደሚተካ ያሳየ ጥናት የለም።

የዐቢይ ጾምን ነገር በአክብሮት ነው የማነሣው፤ እኔም ጿሚ ነኝ። ጾማችን ግን ሴንት ፒየር ከሚያደርገው ጋር አንድ አይደለም። ከሰዓቱ ገደብ በተጨማሪ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል ለ55 ቀን ይቀራል፤ አንጀቱ እየደማ ፕሮቲን ለሚያጣ፣ በፕሬድኒሶሎን ጡንቻው ለሚሳሳ ልጅ ይህ ከባድ ነው። የመድኃኒቱ ሰዓትም ከጾሙ ጋር ይጋጫል። ፕሬድኒሶሎን በጠዋት፣ ምግብ ተበልቶ ነው የሚወሰደው፤ ሰልፋሳላዚን በቀን በተከፋፈለ ሰዓት ከምግብ ጋር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን የሚቆይ ሰው ወይ መድኃኒቱን ይዘላል፣ ወይ በባዶ ሆድ ውጦ ጨጓራውን ያቃጥላል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ እስልምናም ለበሽተኛ እንዲሁ ፈቃድ ይሰጣል። የንስሐ አባቱ ጋ ሄዶ፣ የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ ደም እንደነበረውና ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደሚወስድ ይንገራቸው። እስከ ዛሬ ወደ ንስሐ አባታቸው የላክኋቸው ሕመምተኞች ሁሉ «ታክመህ ዳን፣ ትደርስበታለህ» ተብለው ነው የተመለሱልኝ። ጠበልም መጠጣት ከፈለገ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠጣ።

ሲያመው ምን ይብላ ብለሽ አትጨነቂ። ቀለል ያለ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሾርባ፣ ዕንቁላል። ቆሎ፣ ድፍን ባቄላና ሽምብራ፣ ጥሬ ጎመን ቁርጠቱን ሊያብሱበት ስለሚችሉ ሕመሙ እስኪተኛ ይራቅ። ሲሻለው ቀስ እያለ ወደ ሁሉም ይመለሳል። ከተሻለው ከወራት በኋላ፣ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ የምግብ ሰዓቱን ልገድብ ካለኝ ግን አልከለክለውም፤ ሐኪሙ እያየው ይሞክር።

አሁን እንደ ተፋላሚ የሚመለከተውን ልንገርሽ፤ ይህን ብዙ ሐኪም አይነግረውም። የመጀመሪያው ኪሎ መቀነስ ነው። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ፣ ሳውና ውስጥ መቀመጥ፣ ለሁለት ቀን ውሃ አለመጠጣት። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ያለበት ሰው ደሙ የመርጋት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው፤ በሽታው ሲነሣ ደግሞ ይብሳል። በተቅማጥ ውሃ ያጣን ሰውነት በላዩ ላይ ማድረቅ ማለት እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ላይ እንዲያርፍ በር መክፈት ነው። በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ከተፈጥሮ ክብደቱ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ምድብ ይጫወት።

ሁለተኛው የሕመም ማስታገሻ ነው። ጂም ውስጥ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንደ ከረሜላ ነው የሚዞረው፤ መርፌውንም የሚወጉ አሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ተኝቶ የነበረ ኮላይተስ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ቡጢ ሲያመው ፓራሲታሞል፣ በረዶና ዕረፍት። ቦርሳውን ራስሽ ፈትሺው፤ ይህ መልእክት ካለው ነገር ሁሉ ዛሬውኑ ልታደርጊው የምትችይው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዶፒንግ ነው። ለዚህ በሽታ የሚሰጡት ሰልፋሳላዚን፣ ሜሳላዚንና አዛታዮፕሪን የተከለከሉ አይደሉም። ፕሬድኒሶሎን ግን በውድድር ወቅት በአፍ፣ በፊንጢጣ ወይም በመርፌ የሚወሰድ ከሆነ በዓለም ፀረ ዶፒንግ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ለሕክምና የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንድ ቀን ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ከደረሰ፣ ኮሎኖስኮፒውንና የናሙናውን ውጤት አያይዞ አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣን ይሂድ። ከሆስፒታል ሕክምና ውጭ ጉሉኮስ በደም ሥር ማስገባትም፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ፣ ክልክል ነው። ከሚዛን በኋላ ጉሉኮስ አሰቅላለሁ የሚል ዕቅድ ካለው ይተወው።

ስለ መድኃኒቶቹም ወጣት ወንዶች ሳይነግሩን የሚያቆሙባቸውን ምክንያቶች አውቃለሁ። ሰልፋሳላዚን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ የወንድ ዘር ቁጥርንም ይቀንሳል፤ ሲቆም ይመለሳል፣ ሜሳላዚን ደግሞ ይህ ችግር የለበትም። ከሰልፋሳላዚን ጋር ፎሊክ አሲድ ይወሰዳል። ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል፣ ኪሎ ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያናድዳል። ሚዛን ላይ ለሚወጣ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ለዚህም ነው ፕሬድኒሶሎንን እሳት ማጥፊያ እንጂ የቤት ዕቃ የማናደርገው፤ በሽታውን ከተቆጣጠርነው በኋላ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ይቆማል። ሌሎቹ ካልያዙለት አዛታዮፕሪን፣ ከዚያ ባዮሎጂኮቹ አሉ። ሁሉም ካቃተ ትልቁ አንጀት በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ቀዶ ሕክምና ሲባል እንዳትደነግጡ። ወንድምሽ ኳስ የሚያይ ከሆነ ዳረን ፍሌቸርን ያስታውሰዋል፤ የማንቸስተር ዩናይትዱን አማካይ። ሕመሙን ለረጅም ጊዜ ደብቆ ቆይቶ በዲሴምበር 2011 ኮላይተስ እንደሆነ ይፋ ሆነ። በጃንዋሪ 2013 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በኋላም ዌስት ብሮም ሄዶ አምበል ሆነ። እንግሊዛዊው ቀዛፊ ስቲቭ ሬድግሬቭ ደግሞ በ1992 ኮላይተስ እንዳለበት ተነገረው። በዚያው ዓመት ባርሴሎና ላይ ወርቅ አገኘ፣ በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ፤ መካከሉ ላይ የስኳር በሽታም ተጨመረበት። በ5 ተከታታይ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። ስለዚህ ለወንድምሽ «ስፖርት አበቃልህ» የሚለው ማንም ቢሆን አትስሚው። በሽታው ተኝቶ ለሦስት፣ ለአራት ወር ከቆየ፣ የደም ማነሱ ከታረመ፣ ፕሬድኒሶሎን ካቆመ ወደ ልምምድ ይመለሳል። እስከዚያ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ፣ ቴክኒክ፣ ጥላ ቦክስ ይሥራ። ቡጢ የሚቀበልበት ስፓሪንግ (ከጓደኛ ጋር የልምምድ ፍልሚያ) ይቆይ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሕክምናው ያነሰ አይደለም። ሴንት ፒየር ዳይኖሰር ይወዳል። በትርፍ ጊዜው የሚያነበውና ሲያወራ ዓይኑ የሚበራለት ስለ ቅሪተ አካል ነው። ፍልሚያን በራሱ ወድዶት እንደማያውቅም ይናገራል። ቀበቶውን በአምስት ሳምንት መመለስ የቻለው አንዱ በዚህ ይመስለኛል፦ ከቀበቶው ውጭም ሰው ነበር። ወንድምሽስ? ጂሙ ሲዘጋበት የሚሄድበት ምን አለው? ከዚህ በሽታ ጋር የሚመጣው ድብርት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጁ ከጓደኞቹ ሲነጠል ነው፤ ታክሲ ይፈራል፣ ሽንት ቤቱን ያላወቀው ቤት አይሄድም፣ ቤት ይውላል። እንዲያው ስለ ዳይኖሰር ካነሣን፣ በእኛም አገር በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ የሙገር ስም በተሰጠው የድንጋይ ንብርብር ውስጥ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ሙገር ሲባል ሲሚንቶ ብቻ ትዝ ለሚለን ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነው። ወንድምሽ የሴንት ፒየርን ጾም ከሚቀዳ ይህን ቢቀዳ እመርጣለሁ፤ ዳይኖሰር ባይሆን እንኳ አንድ የሚያነበው፣ የሚሠራው፣ የሚማረው ነገር ይፈልግ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሽው ግቢ። ሐኪሙን የፕሬድኒሶሎን አቀናነሱን በወረቀት እንዲጽፍላችሁ፣ የደም ማነሱን እንዲለካ፣ ሜሳላዚን ማግኘት ይቻል እንደሆነ እንዲነግራችሁ ጠይቂ። በሽታው በጀመረ በ8 ዓመቱ ገደማ፣ ምንም ሕመም ባይሰማውም፣ ለካንሰር ክትትል ኮሎኖስኮፒ እንደሚያስፈልገው ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ከዚያ በፊት ግን በቀን ከስድስት ጊዜ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ ካየ፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ ትኩሳት ከያዘው ወይም የልብ ምቱ ከፈጠነበት፣ አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የሚወስዳቸውን የመድኃኒት ካርቶኖች ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።